ላም የማትግጠው ሣር

ባለፈው የመገናኛ በዓላችን ማታ፣ እራት ተበልቶ ሙዚቃው ሊጀመር ሲል፣ ከእኛ በብዙ ዓመት ዘግይታ ከሐረማያ የወጣች አንዲት ልጅ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። የተመረቀችው በዕፅዋት ሳይንስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለማስተርስ አመልክታ ሁለት ቦታ ተቀብለዋታል። አንደኛው በስንዴ ላይ ነው፤ ወጪውን ከኪሷ ትከፍላለች። ሁለተኛው ወጪዋን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ግን የሚያስተምራት ስለ ሜዳ ሣር ነው፣ ስለ ጎልፍና ስለ ኳስ ሜዳ ሣር። «ጋሼ፣ ቤተሰቦቼ ስቀው ሊሞቱ ነው። ‹አሜሪካ የሄድሽው ሣር ልታጭጂ ነው ወይ?› ይሉኛል። እርስዎ በዚህ ሥራ ኖረዋል ሲሉኝ ነው የመጣሁት። ልግባበት ወይስ ልተወው?» አለችኝ።

አፌን ከመክፈቴ ሙዚቃው ተለቀቀ፣ እስክስታው ተጀመረ፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። የዓመት መጽሐፉ አዘጋጆች ስለ ሙያህ ታሪክ አንድ ነገር ጻፍ ሲሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት። ስለዚህ ጽሑፉ ለሁላችሁም ቢሆንም መልሱ የእሷ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

እኔን ደግሞ መጀመሪያ የጠየቁኝ አባቴ ናቸው። ሥራውን እንደ ጀመርኩ ስልክ ደውዬ «ሣር ነው የማበቅለው» ስላቸው፣ «ደግ ነው፤ ስንት ከብት ይበላዋል?» አሉኝ። «አንድም» አልኳቸው። መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አሉ። ቆይተው «ላም የማትግጠው ሣር ምን ይሠራል?» አሉ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም።

ከበግ ጥርስ ወደ ማሽን

መጀመሪያማ ሣሩን ከብት ይግጠው ነበር። እኛ አገር ገና የሚመታበትን መስክ አስቡት። ማንም አላጨደውም፣ ማንም ማዳበሪያ አልበተነበትም። ከብቱ ሲግጠው፣ ሲረግጠውና እበቱን ሲጥልበት ይከርምና፣ በበዓሉ ቀን ጎረምሳው ሩሩን ይዞ ይወርድበታል። ስኮትላንድም ነገሩ የጀመረው እንዲሁ ነው። በባሕሩ ዳር ያለው አሸዋማ መሬት ለእርሻ አይሆንም፤ በግና ጥንቸል ሲግጠው ግን ሣሩ አጥሮ ምንጣፍ ይመስላል። ጎልፍ የተጫወቱት እዚያ ላይ ነው። ደሞዝ የሚከፈለው ሜዳ ጠባቂ አያስፈልግም ነበር፤ በጎቹ ይበቁ ነበር።

ሰው የሚያስፈልገው ተጫዋች ሲበዛ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባቡር ሴንት አንድሩስ ከተማ ድረስ ሲገባ ሜዳውን የሚረግጠው እግር በዛ፣ ሣሩም ተጎዳ። ያን ጊዜ ቶም ሞሪስ የሚባል ሰው ለጥበቃው ተቀጠረ። በ1821 የተወለደ፣ በጎልፍ ኳስ ሥራ ያደገ፣ ራሱም አራት ጊዜ የብሪታንያን ኦፕን ያሸነፈ ተጫዋች ነው። ከ1860ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አርባ ዓመት ያህል ያንን ሜዳ ጠብቋል። ደሞዙ በዓመት 50 ፓውንድ ነበር። ስለ ሣር ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም። በማየት ብቻ ግን አንድ ትልቅ ነገር አወቀ፤ ሣሩ ላይ ስስ አሸዋ ደጋግመው ቢበትኑበት መሬቱ ይስተካከላል፣ ሣሩም ይጠነክራል። ዛሬም ጥሩ የጎልፍ ሜዳ ያለው ሁሉ ይህንኑ ያደርጋል።

ማጨጃ ማሽኑ ከእሱ ቀደም ይላል። ኤድዊን ባዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ መካኒክ ስትራውድ በምትባል የሽመና ፋብሪካዎች አካባቢ ይሠራ ነበር። በዚያ የሱፍ ጨርቅ ከተሸመነ በኋላ ጠጉሩን ከርክሞ እኩል የሚያደርግ፣ እየዞረ የሚቆርጥ ምላጭ አለ። ባዲንግ ይህንን አይቶ «ለጨርቅ ከሆነ ለሣርስ?» አለና በ1830 ፓተንት አወጣበት። የዛሬዎቹ የጎልፍ ማጨጃዎች ሞተራቸውና ዋጋቸው ይለያል እንጂ አቆራረጣቸው የባዲንግ ነው።

ለመኖ ሳይንቲስቶች የተጻፈ ደብዳቤ

የሚቀጥለው ታሪክ የሆነው ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሰዎች በመኪና በየጊዜው በምናልፍበት ቦታ ነው።

በ1911 ፊላደልፊያ አጠገብ ሜሪየን የሚባለው ክለብ አዲስ ሜዳ ያሠራ ነበር። ሥራውን የያዘው ሂው ዊልሰን የሣሩ ነገር ግራ ቢገባው ለአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ጻፈ። መልስ የሰጡት ቻርልስ ፓይፐርና ራስል ኦክሊ ናቸው። ሁለቱም የመንግሥት ሳይንቲስቶች ነበሩ፤ ሥራቸውም የከብት መኖ ነበር። «የኛ ጉዳይ አይደለም» ብለው ደብዳቤውን መወርወር ይችሉ ነበር። አልወረወሩም። መጻጻፉ ዓመታት ቀጠለ። በ1916 ፖቶማክ ወንዝ ዳር በነበረው የአርሊንግተን የምርምር እርሻ ላይ የሣር ዓይነቶችን ጎን ለጎን የሚያወዳድሩበት መደብ ተከፈተ። በ1917 ሁለቱ ሰዎች ስለ ጎልፍ ሜዳ ሣር መጽሐፍ አሳተሙ። በ1920 ደግሞ የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር «ግሪን ሴክሽን» የተባለውን የሣር ምርምርና የምክር ክፍል አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ፓይፐር ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የእርሻው መሬት ለጦር ሚኒስቴር ተላለፈ፣ ፔንታጎንም እዚያው አካባቢ ተሠራ። የሣሩ ምርምር ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለው ቤልትስቪል ተዛወረ። እዚያ ስታልፉ አስታውሱት፤ ይህ ሙያ ሳይንስ የሆነው ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቅ ቦታ ነው።

በሌላ በኩል ሠራተኞቹ ራሳቸው ተነሡ። በመስከረም 1926 ኦሃዮ፣ ቶሊዶ ከተማ ውስጥ 60 ያህል ሜዳ ጠባቂዎች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ፤ ጆን ሞርሊን ፕሬዚዳንት አደረጉ። እስከዚያ ድረስ ሜዳ ጠባቂ ማለት በጓሮ በር የሚገባ ሰው ነበር። የማኅበሩ ዓላማ የሚያውቁትን መለዋወጥና መከበር ነበር። ዛሬ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ካንሳስ ውስጥ ሎውረንስ ከተማ ነው፤ ስሙም ከ«ሜዳ ጠባቂ» ወደ «ሱፐርኢንተንደንት» ተቀይሯል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1927፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለው የመንግሥት ግብርና ኮሌጅ መምህር ሎውረንስ ዲኪንሰን ለእነዚሁ ሠራተኞች የክረምት ትምህርት ቤት ከፈተ። ሜዳው በበረዶ ሲሸፈን ሥራ የለም፤ ስለዚህ በብርዱ ወራት መጥተው ስለ አፈር፣ ስለ ዘርና ስለ ማሽን ተምረው በፀደይ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ፔንሲልቫኒያ፣ ሚሺጋን፣ ሌሎችም ስቴቶች ተከተሉ። በ1973 የሚሺጋን ስቴቱ ጄምስ ቢርድ ትልቁን የሙያውን መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማሳቹሴትስም፣ ፔንሲልቫኒያም፣ ሚሺጋንም በ1862 በወጣው ሕግ የመንግሥት መሬት የተሰጣቸው፣ ገበሬውን የሚያገለግሉ ኮሌጆች ናቸው። ሥራቸው ሦስት ነው፤ ማስተማር፣ መመራመርና የተገኘውን ዕውቀት ለሚሠራበት ሰው ማድረስ። ይህ ነገር ለዓለማያ ልጅ እንግዳ አይደለም። የእኛም ኮሌጅ የተቀዳው ከዚያው ነው። በ1952 የኢትዮጵያ መንግሥት በፖይንት ፎር ፕሮግራም መሠረት ከኦክላሆማ ግብርናና ሜካኒካል ኮሌጅ ጋር ሲዋዋል፣ የተዋዋለው ስለ እነዚሁ ሦስት ሥራዎች ነበር። ኦክላሆማዎቹ እስከ 1968 አብረውን ቆይተዋል። ትልልቆቹ ወንድሞቻችን በስማቸው የሚያስታውሷቸው መምህራን ብዙ ናቸው።

ሰርዶ ነው እኮ!

አሁን ወደ ሣሩ ልምጣ። አሜሪካ መጥቼ የመጀመሪያ ቀን የሥራ ቦታዬን ያሳየኝ አለቃ በኩራት ወደ ሜዳው እየጠቆመ «ቤርሙዳ ግራስ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ነቀል አድርጌ አየሁት። ሰርዶ ነው! አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከማሳቸው ሊያጠፉት የታገሉት ሰርዶ። ሳይንሳዊ ስሙ ሲኖዶን ዳክቲሎን ነው። ከላይም ይድሃል፣ ከሥርም ይሄዳል፤ ማረሻ ቢቆርጠው እያንዳንዱ ቁራጭ እንደገና ይበቅላል። ለገበሬ ይህ ጠላት ነው። ሃያ ሁለት ሰው ለሚሯሯጥበት ሜዳ ግን ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? የተቆረሰውን ራሱ ይሞላዋል።

የጆርጂያ የጥጥ ገበሬዎችም እንደ አባቴ ይረግሙት ነበር። በ1936 ግሌን በርተን የሚባል ወጣት አዳቃይ ቲፍተን በምትባል ከተማ ባለው የምርምር ጣቢያ ተቀጠረ። ሰርዶን እያዳቀለ በ1943 ኮስታል የተባለውን የመኖ ዝርያ አወጣ፤ የደቡብ አሜሪካ ስቴቶችን የከብት እርባታ የለወጠ ሣር ነው። ቀጥሎ ከእኛ ሰርዶና ከደቡብ አፍሪካው ቀጭን ዘመዱ የተዳቀሉትን፣ ለሜዳ የሚሆኑትን ቲፍግሪንን በ1956፣ ቲፍዌይን በ1960 አወጣ። እነዚህ ዲቃሎች እንደ በቅሎ ናቸው፤ ጠንካራ ናቸው ግን ዘር አይሰጡም። የሚተከሉት እንደ ሸንኮራ አገዳ በቁራጭ ነው፤ አለዚያም ከነአፈሩ ተልጦ፣ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ መጥቶ ይነጠፋል። በሞቃት አገር ጎልፍና ኳስ የሚጫወት ሰው ዛሬም የሚረግጠው የበርተንን ሣር ወይም የእሱን ዘር ነው።

ሌላም አለ። አባትና ልጅ ናቸው። አባትየው ሃሪ ሃርላን የገብስ ሊቅ ነበር፤ በ1923 በበቅሎ ጓዝ ኢትዮጵያን ዞሮ ገብስ ሰበሰበ። ልጁ ጃክ ሃርላን ከ1951 እስከ 1966 ስቲልዋተር፣ ማለትም የዓለማያ ሞግዚት በነበረው በዚያው በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። የኢትዮጵያን የሰብል ብዝኃነት በተመለከተ በ1969 ያሳተመውን ጽሑፍ ከመካከላችን ያላነበበ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን የዚህ ሰው አንዱ ትልቅ ሥራ ሰርዶ መሆኑን ነው። ከባልደረባው ከደ ዌት ጋር የሰርዶን ወገኖች ከዓለም ዙሪያ ሰብስቦ፣ የትኛው ከየት እንደ መጣና ከየትኛው ጋር እንደሚዳቀል አጥንቷል። በ1970 ከኪው የዕፅዋት ማዕከሉ ክሌይተን ጋር ሆኖ ለአንዱ ወገን «ሲኖዶን ኤቲዮፒከስ» የሚል ስም አወጡለት። ኢትዮጵያዊው ሰርዶ ማለት ነው። ስሙ ዛሬም አለ። እኛ ስንነቅለው የኖርነውን ነው ሰዎቹ ስም አውጥተው መዝገብ ያስገቡት።

የኦክላሆማው ሥራ አልቆመም። ዩኒቨርሲቲው ብርድ የሚችል ሰርዶ ሲያዳቅል ቆይቶ በ2010 ላቲቲዩድ 36 እና ኖርዝብሪጅ የተባሉትን፣ ከዚያም ታሆማ 31 የተባለውን አወጣ። ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ የሚገባው እንደ እኔ ሜሪላንድ የሠራ ሰው ነው። እዚህ ክረምቱ ለሰርዶ ይበርዳል፣ በጋው ደግሞ ብርድ ለሚወደው ሣር ይሞቃል። የሙያው ሰዎች «የመሸጋገሪያ ቀበቶ» ይሉታል፤ እኔ ሁለቱም የሚሞትበት አገር እለዋለሁ።

ገደሉን ሳታዪ

ተረታችን ሣሩን አይቶ ገደሉን ስላላየው በሬ ይነግረናል። እኔም ሣሩን ብቻ አሳይቼሽ ብተው ይፈረድብኛል።

የጎልፍ ሜዳ ማጠናቀቂያው፣ ቀዳዳው ያለበት ክፍል፣ ሣሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ይታጨዳል። ቅጠሉ ሲያጥር ምግቡን የሚሠራበት ቦታ ያንሳል፣ ሥሩም አብሮ ያጥራል። ስለዚህ ሣሩ ሁልጊዜ በሞትና በሕይወት መካከል ነው። ከ1960 ጀምሮ በአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ዘዴ የሚሠራው ማጠናቀቂያ ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከላይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ የበዛበት አፈር ይደረግበታል። ውሃው አሸዋው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቆይና ሲበዛ ብቻ ወደ ጠጠሩ ይወርዳል። የአፈር ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ስናንቀላፋ ያለፈን ትምህርት እዚህ ላይ ደሞዝ ይሆናል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ አንድ ሐምሌ ላይ ተሳሳትኩ። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱም የሚያልብ ነበር። ሣሩ ጠውልጎ ስላየሁት አሳዘነኝና ወደ ማታ ውሃ ለቀቅሁበት። እርጥብ ሆኖ ባደረ ሣር ላይ ፒቲየም የሚባለው በሽታ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ «ለአንድ ቀን ምን ይሆናል» አልኩ። ጠዋት ማጨጃው በሽታውን ከአንዱ ማጠናቀቂያ ወደ ሌላው ይዞት ዞረ። በሦስተኛው ቀን አምስቱ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝተዋል። በመከር ወራት ሥራዬን አጣሁ። ማንንም አልወቅስም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ዕወቂው፤ በዚህ ሥራ አሥር ዓመት ጥሩ የሠራሽውን አንድ ሌሊት ያጠፋዋል፣ ጥፋትሽም አረንጓዴ መሃል ላይ ቡናማ ሆኖ ለሁሉም ይታያል።

ትልልቆቹም አያመልጡም። በ2023 አሪዞና ውስጥ የተደረገው የሱፐር ቦውል ሜዳ ሣር ያው የኦክላሆማው ታሆማ 31 ነበር፤ ሁለት ዓመት ሲዘጋጅለት የቆየ። ጨዋታው ሲጀመር ተጫዋቾቹ ይንሸራተቱ ጀመር። ጆርጅ ቶማ ከ1967 ጀምሮ እስከዚያ ቀን በ57ቱም የሱፐር ቦውል ሜዳዎች ላይ የሠራ አንጋፋ ባለሙያ ነው፤ የውሃ አያያዙን በይፋ ነቀፈ። ሣሩ ምንም ቢሻሻል የሚያጠጣው እጅ ካላወቀበት ዋጋ የለውም።

ሌላው ገደል ከሙያው ይሰፋል። ለረጅም ጊዜ ሜርኩሪና የእርሳስ አርሰኔት ሜዳ ላይ ይረጩ ነበር፤ ዛሬ ተከልክለዋል፣ ግን አፈሩ ውስጥ ትተውት ያለፉት አለ። ውሃውም ዝም የሚባል አይደለም። ኔቫዳ በ2021 ባወጣችው ሕግ፣ ላስ ቬጋስ አካባቢ ማንም የማይረግጠውን፣ ለማማር ብቻ የተተከለ የመንገድ ዳርና የሕንፃ ዙሪያ ሣር ከ2026 በኋላ በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ማጠጣት ከልክላለች። እኔ በዚህ ሕግ አልከፋም። ይህን ሙያ የሚመርጥ ሰው «የት መብቀል የለበትም?» የሚለውንም መመለስ አለበት።

የቤት ጨዋታ በሰው አገር

ኅዳር 2021 ላይ ኢትዮጵያ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከጋና ጋር ያላትን የሜዳዋን ጨዋታ ያደረገችው ጆሃንስበርግ ነው። ሰኔ 2022 ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነውም ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው። ያንን ድል እዚህ ቨርጂኒያ በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ ቆመን እያየን ጮኸናል። ግን ደስታው መሃል አንድ ነገር ይቆረቁራል፤ የቤታችን ጨዋታ ነበር እኮ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችን መስፈርቱን አያሟሉም ብሎ ነው። የጎደለው ሣር ብቻ አይደለም፤ ብዙ ነገር ነው። ሆኖም ስለ ስታዲየም ስናወራ የምንቆጥረው ወንበርና ኮንክሪት ነው። ሣሩን በየቀኑ ማን ይጠብቀዋል? አሸዋው ከየት ይምጣ? ውሃው ወዴት ይንጣፈፍ? በክረምቱ ዝናብ ምን ይደረግ? ይህን የሚመልስ የሠለጠነ ሰው ግንበኛው ሳይገባ ቀድሞ መኖር አለበት።

ሣሩማ አለ። ሰርዶው የእኛ ነው። የኪኩዩ ሣር የሚባለውም የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ልጅ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ታዋቂው የሪቪዬራ ጎልፍ ሜዳ የሚጫወትበት እሱን ነው። የሌላው አገር ሰው መጥቶ የወሰደውን እኛ ከውጭ በኮንቴይነር እናስመጣለን ብንል ያስተዛዝባል።

ለጠየቅሽኝ

እንግዲህ ታሪኩ ይህ ነው። ቤተሰቦችሽ የፈሩት አንድ ነገር ይመስለኛል፤ የተማርሽው ሰው ለማብላት ነው፣ አሁን ሀብታም ለሚጫወትበት ሣር ልታውይው ነው። ፍርሃቱ ተራ አይደለም። በገበሬ ግብር የተማርን ሰዎች ነን።

ግን ስለ በርተን ሳልነግርሽ ያስቀረሁት አለ። ያ የጎልፍ ሣር ያዳቀለው ሰው እዚያው ቲፍተን ጣቢያው ላይ ማሽላ መሳዩን፣ ሕንዶች የሚበሉትን እህል፣ ፐርል ሚሌትን፣ ያዳቅል ነበር። እሱ ያወጣው ቲፍት 23ኤ የሚባል መስመር በ1965 ሕንድ ላወጣችው የመጀመሪያ ዲቃላ ፐርል ሚሌት እናት ሆነ። ዝናብ በሚያጥረው መሬታቸው ምርቱን ከፍ ያደረገላቸው እሱ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ዓይነት ዕውቀት። ፓይፐርና ኦክሊም የመኖ ሰዎች ነበሩ። ሃርላንም ገብስና ሰርዶን በአንድ ጭንቅላት ይዟል። የሣር ትምህርትና የእህል ትምህርት ሁለት ቤት ያደረግነው እኛ ነን፤ አፈሩ አያውቀውም።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። ፕሮግራሙን ከመቀበልሽ በፊት ምን ምን ኮርስ እንደምትወስጂ ጠይቂ። የአፈር ፊዚክስ፣ የዕፅዋት በሽታ፣ መስኖ፣ ስታቲስቲክስና ማዳቀል ካለበት ግቢ፤ ስንዴሽንም አታጪም። ማጨድና መርጨት ብቻ ከሆነ ተዪው፤ ያን በሁለት ዓመት ሰርተፊኬትም ታገኚዋለሽ። አንድ በጋ ሜዳ ላይ ሳትሠሪ አትወስኚ። ሥራው ከንጋቱ አሥር ሰዓት ተኩል ይጀምራል፤ አብረውሽ የሚሠሩት አብዛኞቹ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ፣ ከመጽሐፍ በፊት ሣሩን በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ስፓኒሽ ተማሪ፣ እነሱንም አክብሪ። በሩም አንድ ብቻ አይደለም፤ ጎልፍ ባትወጂ የኳስ ሜዳ አለ፣ የሣር እርሻ አለ፣ የዘር ኩባንያ አለ፣ የከተማ መናፈሻ አለ፣ እንደ እነ ሃርላን ማዳቀልም አለ። ኢትዮጵያ ስትሄጂ ደግሞ ከየደጋውና ከየቆላው ሰርዶ እየነቀልሽ ቦታውን ጻፊበት።

አባቴ ከማረፋቸው በፊት አንድ ጊዜ እዚህ መጥተው ነበር። ከአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ዳር ወንበር አውጥቼላቸው፣ የእኛ ማኅበረሰብ ልጆች ቅዳሜ ኳስ ሲጫወቱ አብረን አየን። አንዱ ሕፃን እየሮጠ በግንባሩ ተደፋ፤ ወዲያው ተነሥቶ ሳያለቅስ ሩጫውን ቀጠለ። አባቴ ጎንበስ ብለው ሣሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ አንዷን ሐረግ ነቅለው በጣታቸው እያሻሹ ቆዩ። «ይኼማ ሰርዶ ነው» አሉ። «አዎ» አልኳቸው። «እኔ ስንት ዓመት ስነቅለው!» ብለው ሳቁ። ጥያቄያቸውን ደግመው አልጠየቁኝም።

በሚቀጥለው በዓላችን ሙዚቃው ሳይጀመር ቀደም ብለሽ ነይ። የወሰንሽውን ትነግሪኛለሽ።